ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፦ ለእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና አባላት ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና አባላት፣

ሰው ሲሞት ምን መደረግ እንዳለበት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ትልቁ ድስት ይጣዳል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ካህናቱን የሚያነጋግረው፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የቀረም ይቀጣል። በአገራችን እንዲህ ፈጥኖ ደርሶ ሥራ የሚጀምር ሌላ ተቋም አላየንም። ይህን ደብዳቤ ለሚኒስቴር ወይም ለሆስፒታል ሳይሆን ለእናንተ የጻፍነው ለዚህ ነው።

እኛ በሐዘን ምክር፣ በሳይካትሪ ነርስነትና በእድር ጸሐፊነት የምንሠራ ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ ለሞተበት ሰው የምታደርጉት ድጋፍ ድንኳኑ ሲነቀል አይቁም፤ እስከ 14ኛው ወር ይዝለቅ። ለዚህ ትልቅ ገንዘብም አዲስ ሠራተኛም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎችና በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽ ነው። የአንቀጹን ረቂቅ መጨረሻ ላይ አስቀምጠናል።

«የእናት ሞትና የድንጋይ ወንበር እያደር ይቆረቁራል» ይባላል። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው፤ ጥንካሬውን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልማዳችን ግን ተቃራኒውን ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ መተንፈሻ እስኪያጣ በሰው ይሞላል፣ ሠልስት ሲወጣ ይጎድላል፣ ከአርባው በኋላ ደግሞ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር፣ መቆርቆሩ በሚበረታበት ጊዜ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ለምን ያን ጊዜ እንደሚበረታ ማወቅ ይጠቅማል። በለቅሶው ሰሞን ሐዘንተኛው ደንዝዟል፤ እንግዳ መቀበል፣ ማልቀስና ማስለቀስ፣ ስለ ድግሱ መወሰን ጊዜውን ይሞላዋል። እውነቱ የሚገባው ከዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነው። እሁድ ከሰዓት ለእናቱ የሚደውልበት ሰዓት ሲደርስ እጁ ስልኩ ላይ ይቀራል። ለዓመታት የታመመ አባት ያስታመመች ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ መድኃኒት ትሰጥበት በነበረው ሰዓት፣ ብድግ ትላለች፤ የምትሰጠው ሰው የለም። ሐዘኗ አባቷን ማጣት ብቻ አይደለም፤ ቀኗን ሙሉ የያዘላት ሥራም አብሮ ሄዷል። ጎረቤት ግን «እፎይ በይ እንግዲህ፣ ደክመሻል» ይላታል። በዚሁ ሰሞን የውርስ ጉዳይ ይነሣል፣ ወንድምና እህት ይኳረፋሉ፣ ለተዝካር የተበደሩት ገንዘብ መክፈያው ይደርሳል።

ሐዘን ደረጃ በደረጃ ይወጣል የሚል ትምህርት በየሥልጠናው ይሰጣል፤ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መተከዝ፣ መቀበል እየተባለ። ይህ ሳይካትሪስቷ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ የተነሣውም ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረጉት ንግግር እንጂ ከሐዘንተኞች አይደለም። በዚህ መሰላል ሐዘንተኛን መለካት ይጎዳል፤ «አሁን መቀበል ነበረብህ» ወደሚል ወቀሳ ይወስዳል። እውነታውን ይበልጥ የሚገልጸው የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮበና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው። ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንዴ ወደ ጉድለቱ፣ አንዴ ወደ ኑሮው። ጠዋት ቡና ላይ ሲስቅ የነበረው ሰው ማታ ቢያለቅስ ማስመሰል አይደለም፤ ጤናማው አካሄድ ይኸው መመላለስ ነው። አንዱ ጋ ብቻ ከተቸነከረ፣ ማለትም ቀን ከሌት ከማልቀስ ካልወጣ ወይም የሟቹን ስም ጨርሶ ማንሣት ካልቻለ፣ ያን ጊዜ ነው ማሰብ የሚገባን።

ከመርዶው እንጀምር፤ የረጅም ጊዜ ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነውና። ማለዳ በር ማንኳኳቱ፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ አብሮ መሄዱ መልካም ሥርዓት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰውየው ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም እንዳለበት፣ ሴትም ከሆነች ነፍሰ ጡር እንደሆነች ጠይቁ፤ ከድንገተኛ ሐዘን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የልብ ሕመም የመነሣት አደጋ ይጨምራል። በለቅሶ ሳምንት በብዛት የሚረሳው መድኃኒት ነው። የግፊት ኪኒኑና ኢንሱሊኑ በሰዓቱ መወሰዱን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ተወግቶ እንዳይቀመጥም ይኸው ሰው ይጠብቀው። «እንቅልፍ እንዲወስደው» ተብሎ ከጎረቤት ወይም ከፋርማሲ የሚመጣ እንደ ዲያዜፓም ያለ ማስታገሻ ግን አትስጡ። ለሁለት ቀን የተጀመረው ወራት ሊቆይ፣ መላመድም ሊያመጣ ይችላል፤ ሐዘኑንም አያቀለውም።

በውጭ ያለ ልጅን በተመለከተ አጥብቀን የምንናገረው አለ። በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷ ስትሞት «እዚያ ብቻዋን ሆና ምን ትሆናለች» እየተባለ ይደበቅባታል። ወራት ያልፋሉ። እሷ ለእናቷ መታከሚያ ገንዘብ ትልካለች፣ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ «ተኝታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቷል» ይባላል። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፣ አንጠራጠርም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። እውነቱን ስትሰማ አንድ ሞት ሳይሆን ሁለት ነገር ነው የምታጣው፤ እናቷንና ቤተሰቧ ላይ ያላትን እምነት። አርባውም ሰማንያውም ያለ እሷ አልፏል፤ ከማን ጋር ታልቅስ? ብዙ ጊዜም የምትሰማው ቤተሰብ ሳይነግራት ፌስቡክ ላይ ካየችው የነፍስ ይማር ፎቶ ነው።

መንገር ይቻላል፣ መንገሪያ መንገዱም አለ። በመጀመሪያ እዚያው አገር ያለች አንዲት ጓደኛ ወይም የአገር ልጅ ፈልጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰውም ሊሆን ይችላል። የዕረፍት ቀኗን ጠይቁና በዚያ ቀን ጠዋት፣ ጓደኛዋ አጠገቧ እያለች፣ የምታምነው አንድ የቤተሰብ ሰው ደውሎ ይንገራት። «ሞተች» የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር፤ «ትንሽ አሟታል» ብሎ መጀመር ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ነው። ቀብሩ ያላለፈ ከሆነ በቪዲዮ ታያለች ወይስ አታይም የሚለውን እሷ ትወስን። ካለፈም ፎቶውንና የካህናቱን ወይም የሼሁን ድምፅ አስቀምጡላት። በሰሜኑ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ የወላጃቸውን ሞት ከወራት በኋላ የሰሙ ብዙ ሰዎችም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው። ለእነሱ እድሩ ዘግይቶም ቢሆን አንድ ቀን ለቅሶ ቢያስቀምጣቸው ዋጋው ትልቅ ነው። «ጊዜው አልፏል» ተብሎ አይመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን፣ ወደ ጉብኝቱ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አባቶች ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ብለው የደለደሉት ዘመን ለጉብኝት የሚሆን መስመር ይሰጣል። አምስት ጊዜ በቂ ነው። የመጀመሪያው ሰማንያው አካባቢ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ፣ ሦስተኛው ከሞቱ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ትልቅ በዓል ዋዜማ፣ አራተኛው ከሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አምስተኛው ከሙት ዓመቱ ሁለት ወር በኋላ። ለሙስሊም ቤተሰብ ተዕዚያው፣ ማለትም የለቅሶው ጊዜ፣ ሦስት ቀን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ጉብኝት ሐዘን መቀመጥ ሳይሆን ተራ ዝየራ፣ ማለትም መጠያየቅ፣ ይሁን። ተዝካር በማያወጡ በፕሮቴስታንት ቤቶች ደግሞ ከቀብር በኋላ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ስለማይኖር ጉብኝቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሁሉም ጋ ቤተሰቡን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሂሳቡን አስሉት። 200 አባወራ ባለው እድር በዓመት ለ15 አባላት ወላጅ ሞተባቸው እንበል። አምስት አምስት ጉብኝት 75 ይሆናል። ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚሄዱ 10 ጥንዶች ቢኖሩ ለአንዱ ጥንድ በዓመት ሰባት ወይም ስምንት ጉብኝት ይደርሰዋል።

የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ቢቻል አንዱ ሟቹን በደንብ የሚያውቅ። አስቀድመው ይደውሉ። «ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይዘን እንመጣለን» ማለት ይበቃል፤ የተቆላና የተወቀጠ ቡና፣ ዳቦም ይዞ መሄድ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በእኛ ባህል ሐዘንተኛው ራሱ አስተናጋጅ ይሆናል። በተለይ የሟች ታላቅ ሴት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ ስታፈላ፣ ሰሃን ስታጥብ፣ እንግዳ ስትሸኝ ቁጭ ብላ ሳታለቅስ ድንኳኑ ይነቀላል። ጎብኚዎቹ ቡናውን ራሳቸው ያፍሉ፣ እሷ ትቀመጥ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ምን ይባላል? የሟቹን ስም ጥሩ። ብዙ ሰው «እንዳላስታውሳት» ብሎ ስሙን ይሸሻል፤ ሐዘንተኛ ግን ለደቂቃም አልረሳም፣ የሚቸገረው የሚያወራለት ሰው በማጣቱ ነው። «እማማ ለጥምቀት የሚለብሱት ያ ቀሚስ ትዝ ይለኛል» ማለት አንድ ሰዓት የሚያስወራ በር ነው። የሚጎዱትን ቃላት ሁላችንም ከልባችን እያዘንን ስንናገራቸው ኖረናል። «ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» ሲባል የ60 ዓመት ሰው ለ85 ዓመት እናቱ ማልቀሱን ያፍርበታል። «ከሞተ ጋር አይሞትም» ሲባል ተው፣ ዝም በል ማለት ይሆንበታል። «አንተ ከወደቅክ ታናናሾችህን ማን ያነሣል» የሚባለው የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ደግሞ እንባውን ውጦ አረቄ ቤት ይገኛል። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ማንም ሳያቋርጠው ያለቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ «በቃ፣ በቃ» እየተባለ የተቋረጠው ነው ሌሊት የሚያገረሽበት።

ከሟች ጋር ፍቅር ያልነበረው ልጅም አለ። ጨካኝ አባት፣ ጥሎ የሄደ አባት፣ ከልጇ ጋር ተጣልታ የሞተች እናት። ድንኳን ውስጥ የሚነገረው ምስጋና ብቻ ስለሆነ ይህ ልጅ የሚናገርበት ቦታ የለውም፤ ሐዘኑ ከቁጣና ከጸጸት ጋር ተቀላቅሎ ከሌላው ይልቅ ይቆይበታል። እሱ ጋ ሟቹን ማወደስ አትጀምሩ። «ከአባትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁትና የመለሰውን ስሙ።

የሰማችሁት ከዚያ ቤት አይውጣ። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው በሐሜት ነው። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የአባሉ ስም፣ የሟቹ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የጉብኝቱ ቀንና የጎብኚዎቹ ፊርማ ብቻ ይሁን። ለጉባኤ የሚቀርበውም ቁጥሩ እንጂ የተባለው አይሆንም።

ጎብኚዎቹ በእግረ መንገድ ሊረዱባቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት የሟች ልብስ። እናት ስትሞት ነጠላዋ፣ ቀሚሷ፣ ጋቢዋ በሳምንት ውስጥ ተጠቅልሎ ለነዳያን ይሰጣል፤ የቀረው ይታጠባል። ምጽዋቱ መልካም ነው፣ ጥድፊያው ግን ቆይቶ ያስቆጫል። ዕጣንና ቅቤ የሚሸተው፣ ጫፉ ላይ መሐረብ የተቋጠረበት ነጠላ አንዴ ከታጠበ ሽታው አይመለስም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዕቃ እስኪመርጥ አርባው ድረስ ይቆይ፤ የተመረጠው ሳይታጠብ በፌስታል ተቋጥሮ ይቀመጥ። በውጭ ላለው ልጅም የሱ ድርሻ ይቀመጥለት። ይህ ብቻ ስንት የወንድማማች ጠብ ይከላከል እንደነበር!

ቀጥሎ ድምፅ። ዛሬ የወላጅ ድምፅ ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ በቴሌግራም፣ በኢሞ፣ በዋትስአፕ የተላከ የ20 ሰከንድ ምርቃት። የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የልጁ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ለወራት ያልተከፈተ አካውንትንም በራሳቸው ያጠፋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር፣ የወላጁ ስልክ ገና እየተከፈተ ሳለ፣ የድምፅ መልእክቶቹና ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ይገልበጡ፤ አንዱ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ፣ ሌላው የሌላ ልጅ ስልክ። ሲም ካርዱም ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ቁጥሩ ተቋርጦ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። «እማዬ» ብሎ የያዘውን ቁጥር ደውሎ የማያውቀው ሰው «ሃሎ» ያለው ልጅ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ቤተሰቡ ቁጥሩን ማቆየት ከፈለገ አንድ ሰው በየጊዜው ካርድ እንዲሞላበት ይመደብ፤ ካልፈለገም ሁሉም ልጆች አስቀድመው ይወቁት።

ወረቀቱም አለ። ሞት በሕጉ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ያለ ሞት የምስክር ወረቀት ባንክ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ፣ የተተኪ ጡረታ መጠየቅ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አይቻልም ወይም እጅግ ይከብዳል። ሐዘንተኛው በዚያ ወር ይህን የሚያስብበት ልብ የለውም። የእድሩ ጸሐፊ በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወይም ከቀብር ቦታ የተሰጠውን ወረቀትና የሟቹን መታወቂያ አስይዞ ከአንድ የቤተሰብ ሰው ጋር ወደ ወረዳው ቢሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባይሄድ ግን ቤተሰቡ ከዓመት በኋላ፣ ቁስሉ ሊጠግግ ሲል፣ ቢሮ ለቢሮ እየተመላለሰ «ሟች» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይናገራል።

ስለ ተዝካር ድግስ ብዙ አንልም። ፍትሐቱና ጸሎቱ ድግስ አይጠይቅም፤ ለድግስ የተበደረ ሐዘንተኛ ግን ዕዳውን ሲከፍል ሐዘኑን አብሮ ይከፍላል። እድሩ «አርባን በብድር አታውጡ» ብሎ በጉባኤ ቢወስን ለሐዘንተኛው ከይሉኝታ መውጫ ይሆነዋል፤ «እድሩ ከለከለን» ይላል፣ ያልፋል።

ሙት ዓመትን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሌሎቹን ክፉ ቀኖች ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ፋሲካ፣ ዶሮው ሲበለት 12ቱን ብልት የምታከፋፍለው እናት የሌለችበት። ሽማግሌ ሲላክ የአባት ቦታ ባዶ ሲሆን። የምርቃት ቀን። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ መውለድ ነው። በእኛ አገር አራስ የምትታረሰው በእናቷ እጅ ነው፤ ገንፎውን የምታገነፋው፣ ሕፃኑን የምታጥበው፣ ሌሊት የምትነሣው እናት ናት። እናቷ ከሞተች አምስትና ስድስት ዓመት ያለፋት ሴት አራስ ቤት ውስጥ እንደ አዲስ ስታነባ «ምን ነካት» ይባላል። የነካት ይኸው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትም ሊደረብበት ይችላል። እናት የሌላት አባል ስትወልድ ከእድሩ ሁለት እናቶች ተራ ገብተው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢያርሷት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከተከፋች፣ እንቅልፍ አልወስድ ካላት፣ ለሕፃኑ ምንም አይሰማኝም ካለች ግን ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ልጆችን አትዋሹ። «እማዬ ውጭ አገር ሄዳለች» የተባለ የአምስት ዓመት ሕፃን ለምን አትደውልልኝም እያለ ያድጋል፤ «ተኝታለች» የተባለው መተኛት ይፈራል። «ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፣ ሞታለች፣ አትመለስም፤ አንተን ግን እኛ አለንህ» በቂ ነው። ሕፃን አልቅሶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኳስ ሊጫወት ይሄዳል፤ አላዘነም ማለት አይደለም። በየዕድሜው አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ በአምስት ዓመቱ የተነገረውን በአሥራ ሁለት ዓመቱ እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ይነገረው። ትምህርት ቤቱም ይወቅ። ጸሐፊው ለክፍል ኃላፊው መምህር አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ማን እንደሞተ፣ መቼ፣ አሁን ልጁን የሚያሳድገው ማን እንደሆነ። ይህ ካልሆነ ያረፈደ ልጅ በክፍል ፊት «ነገ እናትህን ይዘህ ና» ይባላል። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል «አሳዳጊህን አምጣ» ቢባል ለማንም አይከብድም።

ሐዘን ሕመም አይደለም። ዓመት ጥቁር መልበስም፣ በየወሩ መቃብር መሄድም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማልቀስም ሕመም አይደለም። ነገር ግን ጥቂቶች ላይ ሐዘን ይቆልፋል፤ ሕክምናም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት 11ኛው የሕመሞች ምደባ ይህን የተራዘመ ሐዘን ለብቻው አስቀምጦታል። ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልማድ በግልጽ የበለጠ፣ ኑሮውን ያሰናከለ መሆን አለበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ 12 ወር፣ ለልጅ 6 ወር ይላል። ሙት ዓመት ላይ ጥቁር ለምናወልቀው ለእኛ የ12 ወሩ ይበልጥ ይስማማል ብለን እናምናለን። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከአሥር ሐዘንተኛ አንዱ ገደማ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከላይ ባሰብነው እድር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ማለት ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ጉብኝት ላይ እነዚህን ተመልከቱ። ናፍቆቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ ይዞታል? የወላጁን መሞት እስከ ዛሬ ማመን አቅቶታል? «ግማሽ ሰውነቴ አብሮ ተቀብሯል» ይላል? የሟቹን ክፍል ወይም ሰፈር ከመሸሽ ብዛት መንገድ ቀይሯል? ከሰው ተቆርጧል? ኑሮ ትርጉም አጥቶበታል? ከእነዚህ ሦስት አራቱ ከተደራረቡና ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ልጆቹን ከነኩ ወደ ሕክምና አጅቡት። «ወደ እናቴ ልሂድ» የሚል ቃል ከሰማችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ያለውን እንዲናገር ያደርገዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒት፣ ገመድና ፀረ ተባይ መርዝ ከቤቱ አርቁ፣ በዚያኑ ቀን በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አስቸኳይ ካልሆነ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የሳይካትሪ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙን ፈርቶ የሚቀር ብዙ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ለተራዘመ ሐዘን የተፈተነው ሕክምና ንግግር ነው፤ በአሜሪካ ሳይካትሪስቷ ካትሪን ሺር ያዘጋጁት በሳምንት አንድ ጊዜ በ16 ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ሰውየው የሞቱን ቀን ደረጃ በደረጃ ይናገራል፣ የሸሸውን ቦታ ቀስ በቀስ ይጎበኛል፣ ስለ ነገ አንድ ትንሽ ዕቅድ ይይዛል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙከራ እንዳሳየው የድብርት ኪኒን ከንግግሩ ጋር ሲሰጥ ድብርቱን ያቀለዋል፤ ሐዘኑን ራሱን የሚፈታው ግን ንግግሩ ነው። ይህን ሥልት የተማረ ባለሙያ በየቦታው አይገኝም፤ ቢሆንም ሐዘንተኛን በትዕግሥት የሚሰማ ሳይኮሎጂስት ወይም ሳይካትሪ ነርስ ብዙ ይረዳል። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቋርጥ።

ከአባሎቻችሁ መካከል ድርጅት የምትመሩም አላችሁና አንድ ቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ለልዩና ከባድ ሁኔታም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መጠየቅ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደር ወይም ወሎ ገጠር ደርሶ ቀብሮ ለሚመለስ ሦስት ቀን መንገዱን እንኳ አይችልም። የዓመት ፈቃዱን ያለ ክርክር ጨምሩለት፤ ለአርባውና ለሙት ዓመቱም ቀኑን አስቀድማችሁ መዝግቡለት።

ይህን ሁሉ እድር ይችላል ወይ ለምትሉ፣ ከዚህ የከበደ ሠርታችኋል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች «ሥራችን መቅበር ነው» ማለትን ትተው ደንባቸውን አሻሽለዋል፤ የታመመ አባል አስታምመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ የሚሆነው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ወላጅ የሞተበት አባል ከቀብሩ በኋላ ባሉት 14 ወራት ውስጥ አምስት ጊዜ በተመደቡ ሁለት አባላት ይጎበኛል። ወላጁ የሞተው በሌላ ከተማ ወይም አገር ቢሆንም፣ መርዶው ዘግይቶ ቢደርስም ይኸው ይፈጸማል። ጎብኚዎች በሐዘንተኛው ቤት ያዩትንና የሰሙትን ለማንም አይናገሩም፤ የሕይወት አደጋ ካዩ ግን ወዲያውኑ ለቤተሰቡና ለጤና ተቋም ያሳውቃሉ። አባሉ አልፈልግም ካለ ጉብኝቱ ይቀራል፤ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጊዜ በስልክ ይጠየቃል። ጸሐፊው በ30 ቀን ውስጥ የሞት ምዝገባው መፈጸሙን ይከታተላል። ለቡናና ለዳቦ የሚወጣው ከእድሩ ካዝና ይሸፈናል። ተራው ደርሶት ሳያሳውቅ የቀረ ጎብኚ ቀብር እንደቀረ ይቆጠራል።»

ጉብኝቱ በዛ ከተባለ ቁጥሩን ቀንሱት፤ የምትቀንሱት ግን ከሙት ዓመቱ በኋላ ያለውን አይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሐዘን ምክር፣ በሳይካትሪ ነርስነትና በእድር ጸሐፊነት የምንሠራ